በሰው ግቢ፣ በአራት ሰርቪስ ክፍል ጀመርኩ

የባጃጅ ብድሬን መክፈል ያቃተኝ በ2011 ክረምት ነው። ባጃጇ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ተገለበጠችና ሁለት ወር ጋራዥ ቆመች። ሥራ ቆመ፣ ብድሩ ግን አልቆመም። ሦስት ወር ሲያልፈኝ አበዳሪው ለብድሩ ዋስ ወደ ሆነኝ ሰው ሄደ። ዋሴ የእህቴ ባል ነው፣ መምህር። ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥበት ጀመር። እህቴ ደውላ አልተቆጣችኝም። «መስከረም እየደረሰ ነው፣ የልጆቹን ደብተር እንዴት እናድርግ?» ብቻ አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በመጨረሻ ባጃጇም ተወሰደች። ከዚያ በኋላ የሰው ባጃጅ እየነዳሁ፣ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባሁ ኖርኩ።

ዛሬ ጅማ ውስጥ ሰባት ክፍል አከራያለሁ። አራቱ የሰው ናቸው፣ ሦስቱ ደግሞ በሽርክና የተሠሩ። የባጃጅ ልጆች ተራ ስንጠብቅ ይጠይቁኛል፦ «ባንክ አያበድረኝም፣ ያለኝ ብር ትንሽ ነው፣ በምን ተዓምር ቤት ውስጥ ልግባ?» ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። እኛ አገር መሬት አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ከቤቱ ጋር የመጠቀም መብቱ ይዛወራል። በሊዝ የሚገኝ ቦታም አለ፤ ለመኖሪያ ሲሆን ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ግን የሊዝ ጨረታ እጃችሁ ላይ 30,000 ብር ይዛችሁ የምትገቡበት በር አይደለም። ለእኛ የሚሆነው በር ጓሮ ነው ያለው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ዕዳው ይቀድማል

ዕዳ ያለበት ሰው ከአበዳሪው ይሸሻል። እኔም ሸሽቻለሁ። ስልክ ቀየርኩ፣ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ። አንድም ቀን አልጠቀመኝም። ቅጣቱ እኔ ብደበቅም ይቆጥራል።

በራሳችሁ እግር ሂዱ። ቀሪ ዕዳችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት ተብሎ ተለይቶ ይጻፍላችሁ። ክፍያው እንዲራዘምላችሁም በማመልከቻ ጠይቁ። ብድር 90 ቀን ካለፈው የተበላሸ ተብሎ ይመደባል። ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያዩ፣ አንዱ ጋ ያበላሻችሁትን ሌላው ያውቀዋል። ባንክ መቀያየር አያድናችሁም። ከፍላችሁ ስትጨርሱ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ክሊራንስ ተቀበሉ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

እኔ ከአበዳሪው ጎን ለጎን ለዋሴ መክፈል ጀመርኩ። በሳምንት 400 ብር፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ። ትንሽ ናት። ግን አንድ ቅዳሜ አላሳለፍኩም። ይህን ያደረግኩት ኅሊናዬ ስለወቀሰኝ ነው፤ በኋላ የመጀመሪያውን ግቢ ያስገኘልኝ ይኸው ክፍያ እንደሚሆን አላወቅኩም።

ሌላው፣ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ቤት አስይዛችሁ አትጀምሩ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሰረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የዋስ ደመወዝ ሲቆረጥ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

የዕቁብ ነገር። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። የእኔን ስም ሰምቶ ዋስ የሚሆነኝ አልነበረም። ስለዚህ ዳኛውን «እኔን መጨረሻ አድርገኝ» አልኩት። መጨረሻ የሚወስድ ሰው ዋስ አያስፈልገውም፤ የሚወስደው ራሱ የከፈለውን ነው። በሳምንት 700፣ 30 ሰው። 21,000 ብር ወጣልኝ። ማንም ባያምነኝም ቆጠብኩ ማለት ነው።

ጓሮ ማየት

ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከተማውን ከደላላ በላይ ያውቃል። ከመናኸሪያ ከማነሳቸው ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚሄዱ ናቸው። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከመቱ ይመጣሉ። በሽተኛው ይተኛል፣ አስታማሚው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ክትትል ያለበት ሰው ለወራት ይቆያል፣ ለዚያን ያህል ጊዜ ሆቴል አይቻልም። «ርካሽ ክፍል የት አለ?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ሁለት ሦስቴ እሰማ ነበር።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ክፍሉን ከመፈለጋችሁ በፊት ክፍሉን የሚፈልገውን ሰው እወቁ። ኪቶ በኩል አንድ ዓይነት ተከራይ አለ፣ መርካቶ ሌላ፣ ሆስፒታሉ ዙሪያ ሌላ።

ከዚያ ሰው ያላየውን ክፍል ፈልጉ። ጅማ ውስጥ አሮጌ ሰፋፊ ግቢዎች አሉ። ዋናው ቤት ፊት ለፊት ነው፣ ከኋላ በኩል ድሮ ሠራተኛ ይኖርባቸው የነበሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ጣሪያቸው አፍስሷል፣ ምርጉ ወድቋል፣ ማገዶ ተከምሮባቸዋል። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ አቅም የደከማቸው አዛውንት ናቸው።

እኔ ያገኘሁት ግቢ ከሆስፒታሉ በእግር 15 ደቂቃ ነው። ባለቤቷን እማማ እንላቸዋለን። ገበያ ሐሙስ ሐሙስ አደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ዕቃቸውን ላስገባ ስገባ አራቱን ክፍሎች አየሁ። ሳምንት አስቤበት እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ክፍሎቹን በራሴ ገንዘብ ላድሳቸው። ሁለት ወር ኪራይ አልክፈል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ 1,200 ብር ልስጥዎት፣ እኔ ደግሞ ላከራያቸው።»

እማማ ወዲያው እሺ አላሉኝም። ስለ እኔ አስጠየቁ። የጠየቁትም የእህቴን ባል ነው! እሱም እውነቱን ነገራቸው፤ ዕዳ እንዳስገባሁትም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምከፍለውም። እማማ ጠርተውኝ «አጥፍተህ የምትክስ ልጅ ነህ፣ ግባ» አሉኝ።

የወጣው ብር

እጄ ላይ 30,000 ብር ነበረኝ፤ 21,000 ከዕቁብ፣ 9,000 ያጠራቀምኩት። ጊዜው ጥር 2013 ነው። እንዲህ ሄደ፦ 14 ቆርቆሮ 5,880 ብር፣ ባሕር ዛፍና ማገር 3,200፣ ለምርግ ጭድና የሰው ጉልበት 4,500፣ ለሊሾ ሲሚንቶ 5,200፣ አሸዋ 2,800፣ አራት ያገለገሉ በሮች 4,400፣ የመብራት መስመር 1,900። ጠቅላላ 27,880። የዛሬውን ዋጋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዝርዝሩን የጻፍኩት ብሩ የት የት እንደሚሄድ እንድታዩ ነው።

ጭቃ ቤት ስታድሱ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ይለቅ። ጅማ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ያልደረቀ ምርግ ዝናብ ካገኘው ብራችሁ በጎርፍ ሄደ ማለት ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር እየተረገጠ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፣ በጥድፊያ የተመረገ ግድግዳ ይሰነጠቃል። አዲስ የምትተክሉትን ቋሚ ደግሞ ከሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ ይፈራዋል። ዘይቱን እኔ ከማውቃቸው ጋራዦች በነፃ ነው ያመጣሁት።

እያንዳንዱ ክፍል በወር 900 ብር ተከራየ። 3,600 ይገባል፣ 1,200 ለእማማ፣ 2,400 ይቀራል። በወረቀት ላይ ወጪዬ በአንድ ዓመት ይመለሳል። የፈጀው ግን 15 ወር ነው። ክፍል ባዶ የሚሆንበት ወር አለ። ሽንት ቤቱ ሞላ፣ ማስመጠጥ ነበረብኝ። የውኃ መውረጃው ተሰበረ። ስለዚህ ስታሰሉ ከዓመቱ 12 ወር ዘጠኙን ብቻ ቁጠሩ። በዘጠኝ ወር የማያዋጣ ከሆነ አትግቡበት።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ልወድቅ የነበረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ውላችን በእጅ የተጻፈ ነበር፣ ሦስት ምስክር አለው። በቂ መስሎኝ ነበር። አንድ ጎረቤቴ፣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው፣ አይተውት «ግቢው በማን ስም ነው?» አሉኝ። ካርታው በእማማ ሟች ባለቤት ስም ነው! ባልየው ሲሞቱ ልጆቹም ወራሽ ናቸው። እማማ ብቻቸውን ቢፈርሙልኝ ልጆቹ ነገ መጥተው «አናውቅህም» ማለት ይችላሉ። ብሩን ደግሞ አፍስሼ ጨርሻለሁ።

እንደገና ጀመርን። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወጣ። ሁለቱ ልጆች፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ለእናታቸው ውክልና ሰጡ። ከዚያ ውሉን በውልና ማስረጃ አስመዘገብነው። ሁለት ወር ፈጀብኝ። በሁለተኛው ዓመት እማማ ታመሙና አዲስ አበባ ያለው ልጅ ግቢው ይሸጥ አለ። ውሉ ውስጥ «ከጊዜው በፊት ቤቱ ቢሸጥ ወይም ውሉ ቢቋረጥ፣ ያልተመለሰው የእድሳት ወጪ ለተከራይ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ነበር። ደረሰኞቼን ሁሉ አያይዤ አስቀምጬ ነበር። ልጁ አነበበው፣ ከእናቱ ጋር ተነጋገረ፣ ሽያጩም ቀረ። በፍቅር ነው የጨረስነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ካርታው በማን ስም ነው? ባለቤቱ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ ወይ? ግቢው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው ወይ? ይህን መሬት አስተዳደር ሄዶ ማጣራት ነው፣ በባለቤቱ ቃል አይታለፍም። ውሉ ላይ «ተከራይ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ይችላል» የሚል በግልጽ ይግባ፣ አለዚያ ሥራችሁ በሙሉ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። በከተማችን የመሬት መዝገቡም ካርታውም በአፋን ኦሮሞ ነው። አንብባችሁ የማትረዱ ከሆነ የምታምኑት ሰው ቃል በቃል ያንብብላችሁ። «ያው የተለመደው ነው» በሚል ደላላ ቃል አትፈርሙ።

ተከራይና ግብር

ለአንድ ሌሊት አላከራይም። አልጋ በሌሊት ማከራየት የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ነው፣ የራሱ ንግድ ፈቃድ አለው። በወር ብቻ ነው የማስገባው። የመታወቂያ ኮፒ እቀበላለሁ፣ ለቀበሌ አሳውቃለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይገባም፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ አምስት ሰው ሲጣላ አይቻለሁ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብዬ አድሳለሁ ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ እቅዱን ቀይሩ። አዋጁ በየትኛው ከተማ፣ በምን ዓይነት ቤት ላይ እንደሚተገበር ክልሉ የሚወስነው ነገር ስላለ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። ብዙ ልጆች የማያውቁት ጥሩ ነገር ግን አለ። ተከራይቶ የሚያከራይ ሰው ግብር የሚከፍለው ከተከራዮቹ በሚቀበለውና ለባለቤቱ በሚከፍለው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ስለዚህ ለእማማ የምከፍለውን በባንክ ነው የማስገባው፣ ማስረጃ እንዲሆነኝ።

ወለድ አገድና ሐጂ

ዕዳዬን ጨርሼ ክሊራንስ የወሰድኩት ሰኔ 2015 ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገብቼ በወር 800 ብር እቆጥብ ነበር። ክሊራንሱን ሳሳያቸው የቆጠብኩትን 20,000 ሦስት እጥፍ፣ 60,000 ብር አበደሩኝ። ባንክ በር ላይ ቆሜ ቢሆን ይህን አላገኝም ነበር።

ያኔ ወለድ አገድ ልገባ አሰብኩ። ወለድ አገድ ታውቁት ይሆናል፤ ለባለቤቱ ብር ትሰጣላችሁ፣ ቤቱን ትረከባላችሁ። ኪራይም የለም፣ ወለድም የለም። ጊዜው ሲደርስ ብሩ ይመለሳል፣ ቤቱም ይመለሳል። በመሀል ቤቱን አከራይታችሁ ትጠቀማላችሁ። ባንክ የማያስገባው ሰው በዚህ ብዙ ይሠራል። አደጋው ግን የሚመለሰው ቁጥሩ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 100,000 ሰጥቶ በኋላ ያንኑ 100,000 የተቀበለ ሰው የነበረውን ያህል አይገዛበትም። ጊዜውን አጭር አድርጉት፣ ከአንድ ዓመት አይለፍ።

ብሩን ይዤ የሄድኩት ቆጪ የሚኖሩ ሐጂ ዘንድ ነው። ሐሳቡን በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ሰው በብድሩ ከተጠቀመ ይህ ከወለድ አይለይም፣ አልገባበትም» አሉ። ተነሥቼ ልወጣ ስል «ሸሪክ እንሁን» አሉኝ። ጓሯቸው ሰፊ ነው። እኔ ሦስት ክፍል እሠራለሁ፣ ኪራዩን እኩል እንካፈላለን። መለያየት ከመጣ ክፍሎቹ በሽማግሌ ይገመቱና ግማሹ ለእኔ ይከፈላል። 120,000 ብር ፈጀ፤ 60,000 ብድሩ፣ 40,000 ከባለቤቴ ጋር የገባነው ዕቁብ፣ 20,000 ከአራቱ ክፍሎች የተጠራቀመ። የግንባታ ፈቃዱ የወጣው በሐጂ ስም ነው፣ ይዞታው የእሳቸው ስለሆነ። ስለዚህ የሽርክናው ውል ለእኔ ሁሉ ነገሬ ነው፤ እሳቸውም ሚስታቸውም ፈርመውበታል።

ወለድ የማይነካ ሰው ስታገኙ አትራቁት። ብሩን በሌላ መንገድ ማሠራት ያውቅበታል።

የማትነኳቸው

ከከተማ ዳር የገበሬ ማሳ «በሽማግሌ ፊት እንሽጥልህ» ከሚል ሰው ራቁ። የገበሬ መሬት አይሸጥም። ተራ የምንጠብቅ ጓደኛዬ 90,000 ብር ሰጥቶ የጨረቃ ቤት ሠራ፣ ፈረሰበት። የሚከስሰውም አላገኘም።

የቀበሌ ቤት ቁልፍ አትግዙ። ከሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ወዲህ እነዚያ ቤቶች የመንግሥት ናቸው፣ ውስጡ ያለው ሰው ተከራይ ነው፣ የሌለውን መብት ሊሸጥላችሁ አይችልም።

መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ፕላኑን አስቀድማችሁ አስመርምሩ። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ያላሰቡት ብዙ ሰዎች ነበሩ። አዌቱ ወንዝ ዳርና ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ያለውን ደግሞ በሐምሌ፣ ዝናብ እየዘነበ ሂዱና እዩት። በጥር የሚታይ ግቢ ሁሉ ደረቅ ነው።

ዛሬ 30,000 ብር ብቻ ቢኖረኝ

አራት ክፍል አላስብም። አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት። ጣሪያው ያልተበላሸ፣ ምርግና ሊሾ ብቻ የሚፈልግ እመርጣለሁ። ያገለገለ በር እፈልጋለሁ። አንድ ጓደኛ ጨምሬ ጭቃውን በደቦ እናቦካለን፣ ለጉልበት አልከፍልም።

የት ነው የምታገኙት ካላችሁኝ፣ ከምትኖሩበት ጀምሩ። አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። የተከራያችሁበት ግቢ ጓሮ ውስጥ ማገዶ የተከመረበት ክፍል ካለ፣ ዛሬ ማታ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ። ከዚያ ባለቤቷን ቡና ላይ አናግሯት። ኪራይ በሰዓቱ እንደምትከፍሉ እሷ ቀድማ ታውቃለች።